ከባርኔጣው ውኃ የጠጣው ሰው

ባለፈው ዓመት ሎስ አንጀለስ፣ ልጄ ቤት ሦስት ወር ያህል ከርሜ ተመለስኩ። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ ደርሰው የመጡ ወላጆች ኑሮውን ያውቁታል። ልጅም አማችም በጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ደክሟቸው ይገባሉ፤ አያት ቤት ይጠብቃል። የኔ ሥራ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ እስከሚቆምበት ማዕዘን በእግሬ ሄጄ የስምንት ዓመቱን የልጅ ልጄን መቀበል ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሮጦ መጥቶ ያቅፈኛል። ቦርሳውን ያሸክመኝና እስከ ቤት ድረስ የዋለበትን ያወራልኛል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

አንድ ዓርብ ግን ሳይሮጥ መጣ። ያን ዕለት ልጆቹ ሁሉ እንደ ድሮ የምዕራብ አሜሪካ ሰዎች ለብሰው የሚውሉበት ቀን ነበር። ጠዋት እናቱ የገዛችለትን የካውቦይ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰፊ ቀበቶ ታጥቆ፣ እየዘለለ ነው ከቤት የወጣው። ሲመለስ ባርኔጣው ራሱ ላይ የለም። ቦርሳውን ስቀበለው ከመጻሕፍቱ ሥር ተጨፍልቆ ተወሽቆ አየሁት።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ባርኔጣህን ምን አደረግኸው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ከተራመደ በኋላ፣ «አባባ፣ ካውቦይ ጥቁር አይሆንም አሉኝ» አለ።

ማን እንዳለው አልጠየቅሁትም። ልጆች ናቸው፤ በቴሌቪዥን ያዩትን ነው የሚናገሩት። መልሱ ግን ሳላስበው አፌ ላይ መጣ።

«ይሆናል እንጂ! እኔ ልጅ ሳለሁ አንዱን አውቀው ነበር።»

«የት?»

«አዲስ አበባ፣ ፒያሳ።»

ይህን ጊዜ ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

አክተር አይሞትም

በኔ ዕድሜ የምትገኙ አንባብያን ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለአዲስ አበባ ልጅ የእሑድ ትልቁ ደስታ ሲኒማ ነበር። ፒያሳ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ወረድ ሲሉ አምባሳደር፣ መርካቶ ደግሞ ሲኒማ ራስ ነበሩልን። እኛ የጉለሌ ልጆች ስሙኒ ካገኘን ገብተን እናያለን፤ ካላገኘን በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አይተን፣ የገቡት ሲወጡ የሚያወሩትን ሰምተን እንመለሳለን። ከሁሉም የምንወደው የካውቦይ ፊልም ነበር።

ለእኛ በፊልም ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «አክተሩ» እና ሌላው። አክተሩ አይሞትም። ሌላው የተፈጠረው ለመሞት ነው። አክተር ያልሆነ ሰው ስምም የለው፤ «ያ ረጅሙ»፣ «ያ ጺማሙ» ይባላል፣ ይወድቃል፣ ይረሳል።

ከእነዚያ ፊልሞች አንዱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው፤ «ከዕለታት አንድ ቀን በምዕራቡ አገር» እንደማለት። ሲጀምር በረሃ መሃል ያለች ከእንጨት የተሠራች ባቡር ጣቢያ ትታያለች። ሦስት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ባቡር ይጠብቃሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሙዚቃ የለም፣ ወሬም የለም ማለት ይቻላል። የነፋስ ወፍጮ ሲያቃስት ብቻ ይሰማል። አንደኛው ሰውዬ ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ታስቸግረዋለች። ሌላው ጣቶቹን ያንቋቋል። ሦስተኛው፣ ረጅሙና ጥቁሩ ሰው፣ ከውኃ ታንከር ሥር ሄዶ ይቆማል። መላጣው ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ ትላለች። ቀና ብሎ ያያታል፤ ቦታውን ግን አይለቅም። ባርኔጣውን ይደፋል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል ውኃው። ባቡሩ ሲደርስ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጠርዙ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ቀስ ብሎ ይጠጣና ጠመንጃውን ያነሳል።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሦስቱም ሞተዋል። አክተሩ ቻርልስ ብሮንሰን ቢቆስልም ይነሳል፤ አክተር ነዋ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይቀጥላል። እነዚያ ሦስቱ ተመልሰው አይታዩም።

ሠፈር ስንገባ ጨዋታው ይጀመራል። ሁሉም ብሮንሰንን መሆን ይፈልጋል። ከመካከላችን ግን አንድ ጠቆር ያለ ልጅ ነበር፤ ጥቁሩን ሰውዬ እንዲሆን ሁልጊዜ እሱን እንመርጠው ነበር። «አንተ እሱን ትመስላለህ» እንለዋለን፣ እንስቃለን። እሱም አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። ክረምት ላይ የአባቱን አሮጌ ባርኔጣ ሰርቆ ያመጣና ከቤታቸው አሸንዳ ሥር ይቆማል። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውኃ ባርኔጣው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እሱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ አውልቆ ይጠጣል፤ ከዚያ እኛ ተኩሰን እንገድለዋለን። ልብሱን አበስብሶ ሲገባ እናቱ የምትቆጣውን ቁጣ ከውጭ ቆመን እንሰማ ነበር።

የልጅ ልጄ ያን ዓርብ የነገረኝን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የፊልሙ ሰውዬ አልነበረም። ያ ጓደኛዬ ነበር።

የሰውዬው ስም

ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ የሆነውን አጫወትኳት። በስልኳ ፈልጋ የሰውዬውን ስም አገኘችልኝ፤ ውዲ ስትሮድ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ስሙን ያን ዕለት ማታ ሰማሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1914 ተወለደ፤ ታኅሣሥ 31 ቀን 1994 በዚያው አካባቢ ግሌንዶራ በምትባል ከተማ በ80 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ሪቨርሳይድ ነው። «አባዬ፣ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ቅዳሜ እንሂድ» አልኳት። መቃብር ለማየት ቅዳሜዋን መስጠቷ እንደከበዳት ገብቶኛል፤ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምታርፈው። ሆኖም ልጇን አየት አደረገችና እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያመራነው ወደ ፌርፋክስ ነው፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ወደሰየመው መንገድ። ለመንገድ የሚሆን ሳምቡሳና ዳቦ ገዛን። የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ባርኔጣውን «ያዘው» ብዬ በግድ አስይዤዋለሁ፤ እሱ ግን በፌስታል ውስጥ አድርጎ እግሩ ሥር አኖረው።

ከዚያ ወደ ኮሊሲየም ስታዲየም ጎራ አልን። እኛ የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ኢትዮጵያ ባልተገኘችበት ኦሊምፒክ ነው። ለስትሮድ ግን ይህ ሜዳ የመጀመሪያው መድረክ ነበር። ፊልም ከመሥራቱ በፊት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1939 የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ ቡድን አራት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ እሱ፣ አንዱ ኬኒ ዋሽንግተን፣ አንዱ ደግሞ በኋላ በቤዝቦል ዓለም ያወቀው ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታቸው ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይህን ስታዲየም ሞልቶት ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርሱ ግን በሩ ተዘጋባቸው። ትልቁ የፉትቦል ሊግ፣ ኤን.ኤፍ.ኤል.፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ አንድም ጥቁር አላጫወተም። የተከፈተው በ1946 ነው፤ የተከፈተበት ምክንያትም ይህ ስታዲየም ነው። ራምስ የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ኮሊሲየምን ለመከራየት ጠየቀ። የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች ተነሡና ሜዳው የሕዝብ ነው፣ ጥቁሩም ግብር ይከፍልበታል፣ ጥቁር የማያጫውት ቡድን እንዴት ይጫወትበታል ብለው ተሟገቱ። ቡድኑም ኬኒ ዋሽንግተንን አስፈረመ፤ ቀጥሎ ስትሮድን።

ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ስትሮድ 32 ዓመት ሞልቶታል። ቡድኑ ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲሄድ ነጮቹ የሚያድሩበት ሆቴል እነሱን የማይቀበልበት ጊዜ ነበር። አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ተሰናበተ። ሲያረጅ ስለዚያ ዓመት ሲጠየቅ የደስታ ወሬ አልነበረውም፤ በሕይወቱ ዝቅ ያለበት ጊዜ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ወደ ካናዳ ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ ነጻ ትግል ገባ፤ ለገንዘብ እየታገለ ቤተሰቡን አስተዳደረ። ወደ ፊልም ያስገባውም ቁመናው ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር።

ንጉሥም፣ ተሸካሚም

መኪናችን ወደ ምሥራቅ ዞረች። በስተግራ ጫፋቸው በረዶ የነካው ተራሮች አብረውን ይጓዛሉ። ከተማው አልቆ ሌላ ከተማ ይጀምራል፤ ከዚያ መጋዘን ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ሣራቸው የደረቀ ቡናማ ኮረብታዎች ይመጣሉ። «አባዬ፣ ይሄ የካውቦይ ፊልም አገር ይመስላል» አለች ልጄ። እኔ ግን የኛዋ ባቡር ጣቢያ አሜሪካ ውስጥ እንዳልነበረች በኋላ ሰምቻለሁ። የተቀረጸችው ስፔን፣ ግራናዳ ግዛት፣ ላ ካላሆራ የምትባል መንደር አጠገብ ነው።

በመንገድ ላይ ስለ ፊልሞቹ አወራን። ከአንባብያን ብዙዎቻችሁ «አሥርቱ ትእዛዛት» የሚለውን ፊልም አይታችኋል፤ እኛ ቤት የፋሲካ ሰሞን ካሴቱን ሳንከራይ አናልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. የ1956 ሥራ ነው። ሙሴ ገና የግብፅ መስፍን ሳለ ከኢትዮጵያ ሲመለስ፣ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን ይዞ ወደ ፈርዖን አዳራሽ ይገባል። ያ ግርማው የሚያስደነግጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ስትሮድ ነው! ስንት ፋሲካ አይቼው አላወቅሁትም። በዚያው ፊልም ውስጥ ደግሞ የፈርዖንን ልጅ ከሚሸከሙት ባሪያዎች አንዱም እሱ ነው። ንጉሥም ተሸካሚም፣ በአንድ ፊልም።

እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» ላይ ደግሞ ድራባ የተባለ ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ሆኖ ተጫወተ። ከስፓርታከስ ጋር ለሞት እንዲጋጠም ይገደዳል። አሸንፎ ሳለ አልገድልም ይላል፤ ጦሩን ከላይ ተቀምጠው ወደሚዝናኑት ሮማውያን ወርውሮ ሲወጣ ይገደላል። የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሆኖም ፊልሙ ውስጥ ለሚነሣው ዓመፅ መነሻው የሱ ሞት ነው። ለዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ የረዳት ተዋናይ ሽልማት ታጭቶ ነበር።

ከካውቦይ ፊልም ሠሪዎች ታላቁ ጆን ፎርድ በዚያው ዓመት «ሳጅን ረትሌጅ» የተሰኘውን ፊልም ሠራለት። ባልሠራው ወንጀል ስለተከሰሰ ጥቁር የፈረሰኛ ጦር ሳጅን ነው። ታሪኩ የሱ ነው፣ ፊልሙ የተሰየመው በሱ ነው። የተዋንያኑ ስም ሲዘረዘር ግን የሱ ስም የተጻፈው አራተኛ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጆን ዌይንና ጄምስ ስቱዋርት በተጫወቱበት «ዘ ማን ሁ ሾት ሊበርቲ ቫላንስ» ላይ፣ ፖምፒ የተባለ የጆን ዌይን ሠራተኛ ሆነ። አንድ ትዕይንት አለ፤ ፖምፒ ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ ከሕፃናት ጋር ክፍል ተቀምጦ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በቃሉ ይወጣል። የሰው ልጆች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ትጠፋበታለች። መምህሩ፣ ያቺን ቃል ብዙ ሰው ይረሳታል ብሎ ያጽናናዋል።

ልጄ መሪውን እንደያዘች፣ «ይሄን ለልጆቹ ክፍል ማሳየት ነበር» አለች።

ስትሮድ ሌላም ሌላም ሆኗል፤ ሕንድ ተብለው የሚጠሩት የአገሩ ተወላጆች አለቃ፣ ሞንጎላዊ ጦረኛ፣ ቀስተኛ። ትልቁን ስም ብቻ አልሰጡትም። ጆን ፎርድ ግን ሲያረጅና ሲታመም በስም የገነኑት ተዋንያን በየሥራቸው ላይ ሳሉ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ፣ አልጋው አጠገብ ወለል ላይ እየተኛ ለወራት እንዳስታመመው በሕይወት ታሪኩ ላይ ተርኳል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞትም አጠገቡ ነበር። ለአገራችን አንባቢ ስለዚህ ሰው ማንነት ከዚህ የበለጠ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አስታማሚ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ስናወራ ከኋላ ወንበር ጸጥታ ነበር። በድንገት፣ «አባባ፣ ስሙ ማነው አልክ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ውዲ።»

«እንደ ቶይ ስቶሪው ውዲ?»

እኔ ውዲን የማውቀው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ የምረግጠው አሻንጉሊት ሆኖ ነው። ባርኔጣ ያለው፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈ ካውቦይ። እናቱ በመስታወቱ ውስጥ አየችውና ሳቀች። የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ያ አሻንጉሊት ስሙን ያገኘው ከውዲ ስትሮድ ነው። የመጀመሪያው «ቶይ ስቶሪ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ነው፤ ሰውዬው ካረፈ ዓመት ሳይሞላው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ «ግን ውዲ ነጭ ነው» አለ።

ምን ይመለሳል? ሐሰት አልነግረው። «አዎ፣ መልኩ ነጭ ነው፤ ስሙ ግን የዚህ ሰው ነው» አልኩት። ከዚያ ቀጥዬ ልጄ ያነበበችልኝን ነገርኩት፤ በድሮው ዘመን ከብት እየነዱ ያን ሜዳ ካቋረጡት እውነተኛ ካውቦዮች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። ፊልሙ ነው የዘለላቸው እንጂ ፈረሱ ላይስ ነበሩ። መልስ አልሰጠኝም። የፌስታሉ ድምፅ ግን ተሰማኝ።

ሪቨርሳይድ

የሪቨርሳይድ ብሔራዊ መቃብር የወታደሮች መቃብር ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ከ900 ኤከር በላይ ይሰፋል፤ በድሮው ልኬታችን ዘጠኝ ጋሻ መሬት ገደማ ማለት ነው። በሩን አልፈው ሲገቡ መቃብር ቦታ አይመስልም። አረንጓዴ ሜዳ፣ ዛፎች፣ ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር የሚንጎራደዱ ዳክዬዎች። እኛ አገር መቃብር ሲባል የሚታየን ሐውልት፣ ፎቶግራፍ፣ የብረት አጥር ነው፤ ባለጸጋው ከሩቅ ይለያል፣ ድሀው ሣር ይውጠዋል። እዚህ ግን አብዛኛው ድንጋይ ከሣሩ እኩል መሬት ላይ የተነጠፈ ነው። አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም።

ስሙን ጽፈን ቦታውን የሚያሳይ ካርታ ይዘን ፍለጋ ጀመርን። ቀላል አልነበረም። አንገታችንን ደፍተን፣ ረድፍ በረድፍ፣ ስም እያነበብን እንሄዳለን። የልጅ ልጄ ቁጥሩን ተሸቀዳድሞ ማንበብ ጨዋታ ሆነለት። እኔ ወገቤን እየያዝኩ ቀስ እላለሁ። ከሀይዌዩ ማዶ ካለው የማርች አየር ኃይል ሰፈር አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን አለፈ፤ ዳክዬዎቹ እንኳ ቀና አላሉም።

ይህ ማርች የሚባለው ሰፈር ለሟቹ እንግዳ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስትሮድ ወታደር ነበር፤ በማርች ሜዳ ለጦሩ ቡድን ፉትቦል ተጫውቷል። ከዚያ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ተልኮ ጉዋም ላይ ቦምብ ሲያራግፍ ነበር። ያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ወታደር በአንድ ክፍል አይመደብም። አሁን ግን በወጣትነቱ ከሮጠበት ሜዳ ማዶ፣ ከጥቁሩም ከነጩም፣ ከአዛዡም ከተራ ወታደሩም ጋር ተኝቷል።

«አባባ! አባባ! ይሄው!»

ልጁ ነው ያገኘው። ደረስኩ። እንደሌላው ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በስተግራ ካለው አይበልጥም፣ በስተቀኝ ካለው አያንስም። እዚያ ቆሜ የልጅነታችንን ሕግ አስታወስኩ፤ አክተሩና ሌላው። በዚህ ሜዳ አክተር የለም። ሁሉም አንድ ልክ ድንጋይ ነው የተሰጠው።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ልጄ ከመንገድ የገዛናቸውን አበቦች አኖረች። እንደ አገራችን ልማድ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ልጁ ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣውን አሻንጉሊት አውጥቶ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ አቆመው፤ ፎቶ እንድናነሣለት ጠየቀን። ከዚያ ጥሎት እንዳይሄድ ፈርቶ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ስትሮድ የመጨረሻ ፊልሙ «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ሲወጣ ለማየት አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ ፊልሙ ሲታይ መታሰቢያነቱን ለሱ አድርገውታል። እንግዲህ አንድ ፊልም መታሰቢያ፣ አንድ አሻንጉሊት ስም። ብዙ አይደለም። ግን ከጉለሌም አንድ ነገር ቀርቶለት ነበር፤ እሱን ልነግረው ነው የመጣሁት።

ስልክ ወደ አዲስ አበባ

ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳምቡሳችንን ከበላን በኋላ ልጄን «ወደ አገር ቤት ደውይልኝ» አልኳት። አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጓደኛዬ አምሽቶ የሚተኛ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። ለዓመት በዓል እንደዋወላለን እንጂ ስለ ልጅነት ጨዋታችን አንሥተን አናውቅም።

«የት ነህ?» አለኝ።

«መቃብር ቦታ።»

«በስመ አብ! ማን ሞተ?»

«ያ ያንተ ሰውዬ። ባርኔጣው ላይ ውኃ የሚንጠባጠብበት።»

መስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ የሳቁ ድምፅ መጣ። ሁሉን ነገርኩት፤ ስሙን፣ ፉትቦሉን፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ፣ ድንጋዩን። ቀጥዬ፣ ሳልፈልግ ሳይሆን አፍሬ ለሃምሳ ዓመት ያላነሣሁትን አነሣሁት። «ሁልጊዜ አንተን እሱን እናደርግህ ነበር። በመልክህ ምክንያት ነው። ልጆች ሆነን አልገባንም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ይህን ስናገር የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ነበር። እንዲሰማም ፈልጌያለሁ። ለሱ ያሉትን ነገር እኛም በራሳችን ሠፈር፣ በራሳችን ቋንቋ ብለነዋልና።

«አንተ ሰውዬ፣» አለ ጓደኛዬ፣ «እናንተ ያስገደዳችሁኝ መስሏችሁ ኖሯል? እኔ እኮ ወድጄው ነው! እናንተ አምስት ስድስት ሆናችሁ ለብሮንሰን ትጣላላችሁ። እኔ ብቻዬን አሸንዳው ሥር ቆሜ ሁላችሁም የምታዩት እኔን ነበር። ሲኒማ ቤቱም ውስጥ እንደዚያው ነበር፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚያየው እሱን ነው። ደግሞ እኔን ይመስል ነበር። እኔን የሚመስል ሰው በዚያ ትልቅ ሸራ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» ትንሽ ቆየና፣ «መሳቃችሁስ ይሰማኝ ነበር፤ እሱን አልደብቅህም። ይሁን፣ አልፏል» አለ።

የልጅ ልጄ ስልኩን ስጠኝ እያለ እጄን ይጎትታል። ሰጠሁት። በተሰባበረ አማርኛው ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ውኃው ይጣፍጥ ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

ድምፁ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ የመለሰለትን እኔም ሰማሁት። «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል ነበር የኔ ልጅ፤ ግን ደስ ይላል። ባርኔጣ ካለህ ራስህ ሞክረው።»

ስልኩን መለሰልኝና ወደ መኪናው ሮጠ። ባርኔጣውን ከፌስታሉ አወጣ፤ የተጨፈለቀውን በጡጫው ከውስጥ ወደ ውጭ አቀና። ከእናቱ የውኃ ጠርሙስ ጠርዙ ላይ ጥቂት ጠብ አደረገና ደፋው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አየሁት፤ ንቅንቅ አይልም። እናቱ «ልብስህ ይበሰብሳል» ብላ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት «ተዪው» አልኳት።

እስከ ቤት ድረስ አላወለቀውም።